የእትዬ ዘነቡ ዋስ

ፈሪ ነኝ። ይህን ራሴ ቀድሜ የምናገረው ሌላ ሰው ሲለኝ መታገስ ስለማልችል ነው። ቁጡም ነኝ። ባለቤቴ እፀገነት «ቁጣህ የፍርሃትህ መጋረጃ ነው» ትለኛለች፤ ስትለኝ ደግሞ ይብሳል።

እትዬ ዘነቡ በአንድ ግድግዳ የምንዋሰናቸው ጎረቤታችን ነበሩ። ነፋስ ስልክ ከእኛ ቀድመው የገቡ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ሣራ የምትባል አንዲት ልጅ ብቻ ያለቻቸው ሴት ናቸው። ሣራ መካኒሳ ይኖሩ ለነበሩ ጣሊያኖች ልጅ ታሳድግ ነበር፤ ሰዎቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ይዘዋት ሄዱ። ከሚላኖ የምትልከውን ደብዳቤ የማነብላቸውም፣ መልሱን የምጽፍላቸውም እኔ ነበርኩ። እትዬ ዘነቡ የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀታቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለዋል፤ ግን ዓይናቸው ደክሞ የእጅ ጽሑፍ አይለይላቸውም። «ፊደሉን እኔ አውቀዋለሁ፤ እሱ ነው እኔን የማያውቀኝ» ይሉ ነበር።

በ1975 ዓ.ም. መስከረም ማለቂያ ላይ የመጣው ደብዳቤ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ሣራ ልቧን ታማለች። ኅዳር ስምንት ቀን ደረቷን ከፍተው ሊያክሟት ቀን ተቆርጧል። «እማዬ፣ ከመተኛቴ በፊት ፊትሽን ልየው፤ ከዚያ የመጣው ይምጣ» ይላል። አብሮ ማኅተም ያለበት የሆስፒታል ወረቀት ተልኳል። እትዬ ዘነቡ አላለቀሱም። ነጠላቸውን አጣፉና «ላቀው ልጄ፣ ምን ምን ያስፈልጋል?» አሉኝ።

ኤምባሲው አላስቸገራቸውም፤ የአንድ ወር የጉብኝት ቪዛ እንሰጣለን፣ መጀመሪያ የመውጫ ቪዛ ያምጡ አላቸው። በዚያ ዘመን ከባዱ ነገር የሰው አገር መግባት ሳይሆን ከራስ አገር መውጣት ነበር። ለመውጫው ቪዛ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ለቀበሌው ደብዳቤ ደግሞ «ሴትዮዋ ባይመለሱ ተጠያቂ ነኝ» ብሎ የሚፈርም የመንግሥት ሠራተኛ ዋስ።

እኔ የመንግሥት መጋዘን መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ማንም ሳይጠይቀኝ «እኔ አለሁ!» አልኩ። ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሄጄ ሰው እያየኝ ስፈርም ደረቴ ተነፍቶ ነበር። እትዬ ዘነቡ እጄን ሊስሙ ሲሉ ተቆጣኋቸው።

ማታ ጋደም ስል አስረስ ትዝ አለኝ። አስረስ መዝገብ ቤት ከጎኔ ይቀመጥ የነበረ ሰው ነው። ለአማቹ ዋስ ሆነ፤ አማቹ ለንግድ ትርኢት ብሎ ሄዶ በዚያው ቀረ። አስረስን ከወንበሩ አንስተው ወሰዱት። ከሰባት ወር በኋላ ተፈታ፤ ሥራው ግን ለሌላ ተሰጥቶ ነበር። አሁን መንገድ ላይ ስንገናኝ ዘወር ብሎ ያልፈኛል፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ዘወር ማለቱን እወደዋለሁ። ያን ሌሊት ግን «እትዬ ዘነቡ አማች አይደሉም» ብዬ ተኛሁ።

በሳምንቱ አውቶቡስ ስጠብቅ ንግስት አጠገቤ ቆመች። ንግስት ከእትዬ ዘነቡ ጋር በውኃ ወረፋ ተጣልታ አሥራ አንድ ዓመት የተኳረፈች ሴት ናት፤ አንዷ በምታልፍበት መንገድ ሌላዋ አታልፍም። ዓይኗ ቀልቷል።

«ትናንት ቤቴ ድረስ መጥተው ጉልበቴን ሳሙኝ» አለችኝ። «ይቅር በይኝ አሉኝ። እኔ ነበርኩ እኮ ጥፋተኛዋ!»

«እሰይ፣ ታረቃችሁ?»

«ታረቅን። ግን ጋሼ ላቀው፣ ይሄ የሚመለስ ሰው ይቅርታ ነው? እናቴ እንዲህ ያደረገችው ልትሞት ሳምንት ሲቀራት ነው።»

ቀኑን ሙሉ መዝገቡን አገላብጣለሁ እንጂ የማነበው የለኝም። ማታ ስጠያይቅ እትዬ ዘነቡ ስምንት ቤት ዞረዋል። የንስሐ አባታቸው ዘንድም ሄደዋል። ሰው እንዲህ ከሁሉም ጋር ሒሳብ የሚዘጋው ሲሞት ነው፣ ወይ ላይመለስ ሲሄድ። እትዬ ዘነቡ ደግሞ እንደ በሬ ጤነኛ ናቸው።

ግድግዳውን አንኳኩቼ «እትዬ፣ ሊቀሩብኝ ነው?» ብላቸው ምን ነበረበት? አልጠየቅኳቸውም። ዋስ ሆኛለሁ ብዬ ስፎክር ከርሜ እንዲያ ብሎ መጠየቅ አሳፈረኝ። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ የእኔ ፍርሃት ግን ለማንም እናት የሚበጅ አልነበረም። በማግስቱ ለእፀገነት እንኳ ሳልነግር ቀበሌ ሄድኩ።

ሊቀመንበሩ ጓድ መኩሪያ ሻይ እየጠጣ ነበር።

«ፊርማዬን ልሰርዝ ነው።»

«ምን ሰማህ?»

«ምንም።»

«ምንም ያልሰማ ሰው ፊርማ አይሰርዝም» አለና ፋይሉን አወጣ። እኔም ሰረዝኩ። ስወጣ ቀለል አለኝ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በእውነት ቀለለኝ።

በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስገባ ቤታችን ጌሾ ጌሾ ይሸታል። ጓዳው አጠገብ ሁለት ጆንያ ቆሟል።

«ምንድነው ይሄ?»

«የእትዬ ዘነቡ ነው» አለች እፀገነት። «ጌሾና ብቅል። የታኅሣሥ ገብርኤልን ማኅበር እኔ ነኝ የማወጣው ብለው ጽዋውን ተቀብለዋል። ሲመለሱ ለጠላው ጊዜ ስለሚያጥራቸው እስከዚያ አስቀምጭልኝ አሉኝ።»

ተቀመጥኩ። የጽዋ ማኅበር ያለው ሰው ያውቀዋል፤ ጽዋ የተቀበለ ሰው ተራውን ሳያወጣ አይቀርም። ባል ቢሞት እንኳ ይወጣል። እትዬ ዘነቡ በገብርኤል ስም ቃል ገብተው ሊቀሩ?

«ታዲያ ይቅርታው ምንድነው?» ብዬ ጮህኩ።

«የምን ይቅርታ? ስምንት ቤት የዞሩት? አውሮፕላን ፈርተው ነዋ! ሰማይ ላይ ሆኜ ብሞት ቂም ይዤ አልሙት አሉ። እኛ ጋ ያልመጡት ከእናንተ ጋር ምን ተጣልቼ ብለው ነው።»

በነጋታው ገና በሩ ሳይከፈት ቀበሌ ደረስኩ። ልፈርም ነው፣ ተሳስቼ ነው፣ ጌሾ አይቻለሁ አልኩ፤ ምን እንዳላልኩ እንጃ። ጓድ መኩሪያ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ዋስነት ካፖርት ነው እንዴ፣ ሲበርድህ የምትደርበው ሲሞቅህ የምታወልቀው? ዋሳቸው ጥርጣሬ ገብቶት ከድቷል ብዬ ከእኛ በላይ ላለው ለከፍተኛው ጽፌያለሁ። አሁን ሌላ ዋስ ቢያመጡም ደብዳቤውን የሚሰጣቸው የለም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ፊርማህን ዝም ብለህ ብትተወው እኮ እኔ ደብዳቤውን ልሰጣቸው ነበር።»

እትዬ ዘነቡ ቤት ስገባ ሻንጣው አልጋው ላይ ተከፍቷል። በርበሬና ሽሮ በላስቲክ አስረው ከልብሳቸው መሃል እየሸጎጡ ነበር። ቆሜ ነገርኳቸው። ሁሉንም፣ አስረስንም፣ ንግስትንም፣ ፊርማውንም።

መሸጎጡን ተዉት። ከዚያ በርበሬውን መልሰው አወጡት።

«ፈራህ?»

«ፈራሁ፣ እትዬ።»

«ብትጠይቀኝስ?»

 ይሳደባሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድቡኝ ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን ከመሳቢያው ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥተው ፊቴ አስቀመጡ።

«ጻፍ። እናትሽ አውሮፕላን ፈርታ ቀረች በል።»

«እትዬ! እንዴት እንዲህ ይባላል? እኔ ነኝ ልበላት።»

«ከለከሉኝ ብትል ደብዳቤውን ከፍተው ያነቡታል። ላቀው ነው ብትል ደግሞ ልጄ አንተን እየረገመች ቢላዋ ሥር ትገባለች። በእርግማን የገባ በደኅና ይወጣል? እኔን ትቀየም፤ እናት ናት ብላ ትተወዋለች። ጻፍ!»

ጻፍኩ። እጄ ጽሑፍ ያምርለታል፤ ያን ቀንም አማረ። «እናትሽ አውሮፕላን ፈርታ ቀረች» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ አንድም ፊደል አልተጣመመም።

ኅዳር ስምንት አለፈ። እትዬ ዘነቡ እህል ሲቀምሱ ያየናቸው በሦስተኛው ቀን ነው። የታኅሣሥ ገብርኤል ማኅበር ወጣ፤ ጠላው ጥሩ ነበር ተባለ፤ እኔ አልጠጣሁም። መልሱ የመጣው ጥር ውስጥ ነው። ይዘውት መጡና ጠረጴዛዬ አጠገብ ተቀመጡ፤ ማንበብ ጀመርኩ።

«እማዬ፣ ድኛለሁ። ስፌቱ ጥሩ ነው ይላሉ። ወደ ውስጥ ሲወስዱኝም፣ ስነቃም በሩን ሳይ ነበር። አጠገቤ የተኛችውን ሴትዮ እናቷ እግሯን ስታሽላት ታድር ነበር። አውሮፕላን ፈራሁ ማለትሽን አንብቤዋለሁ። ከእንግዲህ ነይ ብዬ አላስቸግርሽም። ሣራ።»

«እልል! ዳነችልኝ!» አሉና ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ቆይተው «ቀጥል» አሉኝ።

«አለቀ፣ እትዬ።»

«እንዴት ያልቃል? ስሜሻለሁ አትልም?»

ወረቀቱን ገለበጥኩት። ጀርባው ንጹሕ ነው፤ ምንም የለበትም።

«ለካ እዚህ ጽፋዋለች፣ ሳላየው» አልኩ። «ሺህ ጊዜ እስምሻለሁ፣ አልተቀየምኩሽም ትላለች።»

«የቱ ጋ ነው? አሳየኝ።»

ጣቴን ባዶው ወረቀት ላይ አስቀመጥኩ። እትዬ ዘነቡ ጎንበስ አሉና ጣቴ ያረፈበትን ቦታ ሳሙት።