ቆጣሪው ያልቀነሰበት ቀን

ሕሊና ጠዋት ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት በረንዳው ላይ ያለውን ቆጣሪ አይታ ቁጥሩን መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈችው፤ ሃምሳ ስምንት ነጥብ ሁለት ኪሎዋት ይቀራል። ካርዱን የሞላችው ትናንት ነው። ከዚያ ወደ ክፍሏ ተመልሳ የኤሌክትሪክ ማሞቂያውን አበራችና ከአባቷ አልጋ አጠገብ አስጠጋችው።

«አባባ፣ እንዳያጠፉት አደራ። ሐኪሙ ያለውን ሰምተዋል።»

«ሰምቻለሁ ልጄ። ሂጅ፣ ሰርቪሱ እንዳያመልጥሽ።»

አባቷ መሪጌታ ገብረሰንበት ፈረስ ቤት ላይ ቅኔና ባሕረ ሐሳብ ሲያስተምሩ ያረጁ ሰው ናቸው። ኅዳር ሲብት የሳንባ ምች ጥሏቸው ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ዐሥራ አንድ ቀን ተኝተዋል። ሲወጡ ሐኪሙ ሕሊናን ለብቻዋ ጠርቶ ብርድ እንዳይነካቸው፣ የከሰልና የእንጨት ጭስም እንዳይደርስባቸው አስጠነቀቃት። ፈረስ ቤት ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ቤታቸውም ያለ እሳት አይሞቅም። ስለዚህ ይዛቸው ቡሬ መጣች። የተከራየችው አንዲት ክፍል ግን ወለሏ ሲሚንቶ፣ ጣራዋ ቆርቆሮ ስለሆነ ብርዱ እዚህም ተከትሏቸው ገባ። ለጫማ ካስቀመጠችው ገንዘብ ላይ ጨምራ ማሞቂያውን የገዛችው ለዚህ ነው።

ሲበራ ቀይ የሚሆኑ ሁለት ሽቦዎች አሉት። ጀርባው ላይ 1500 ዋት ይላል።

ሕሊና ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ባለ አንድ ፋብሪካ የመጋዘን ጸሐፊ ናት። የዚያን ቀን ጆንያ ትቆጥር እንጂ ልቧ ማሞቂያው ጋ ነበር። አንድ ሺህ አምስት መቶ ዋት ማለት በሰዓት አንድ ኪሎዋት ተኩል ነው። ጠዋት ከወጣች እስክትመለስ ዐሥር ሰዓት፤ ዐሥራ አምስት ኪሎዋት። ባለፈው ደረሰኟ መሠረት አንዱን ኪሎዋት ወደ ሦስት ብር ብታስበው፣ በቀን አርባ አምስት፣ በወር አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ ብር። ደመወዟ ስድስት ሺህ ብር ነው፤ ከሱ ላይ የቤት ኪራይ አለ፤ የመድኃኒት አለ። ደግሞም አጠቃቀሙ ሲበዛ ዋጋው ደረጃ እንደሚወጣ ሰምታለች፤ የት ድረስ እንደሚወጣ ግን አታውቅም። ደጋግማ አሰበችው።

ወደ ማታ ከሰርቪሱ ወርዳ እንደደረሰች ገና በሩን ሳትከፍት ቆጣሪውን አየች። ሃምሳ ሰባት ነጥብ ስምንት።

መዳፏን ገልጣ አስተያየች። የቀነሰው ነጥብ አራት ብቻ ነው። መጀመሪያ ደስ አላት። «ለካ ይህን ያህል አይፈጅም» ብላ ትንፋሿን ለቀቀች። እጇ በሩ ላይ ሳለ ግን ሐሳቡ ዞረባት። ነጥብ አራት ይህን ማሞቂያ ሩብ ሰዓት ያህል ቢያስኬደው ነው። ታዲያ የቀረውን ሰዓት ምን ሲሞቁ ዋሉ?

በሩን ገፍታ ገባች። ማሞቂያው ጥግ ይዞ ቆሟል፤ ብትነካው እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። አባቷ ጋቢያቸውንም ብርድ ልብሱንም ደርበው ተኮራምተዋል። ጥርሳቸው ይንገጫገጫል።

«አባባ!»

«ምንም አልሆንሁ። ሞቆኝ ነው የዋልሁት» አሉና ሳሉ። ሳሉ፣ ሳሉ፣ ሳሉ፤ ማቆም አቃታቸው።

ሕሊና ሮጣ ባጃጅ ጠርታ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልላ ደግፋ አወጣቻቸው። እስከ ክሊኒኩ ድረስ እጃቸውን በሁለት እጇ ይዛ ታሻሸው ነበር። ጣቶቻቸው አልሞቅ አሏት። ሌላ ዐሥራ አንድ ቀን፣ ሌላ ኦክስጅን፤ ወይም ከዚያ የከፋ። ባጃጁ በጉድጓዱ ሲነጥር በልቧ እመቤታችንን ትጠራለች።

የክሊኒኩ ሐኪም፣ ፍሬሕይወት የምትባል ወጣት፣ ደረታቸውን ከፊትም ከኋላም ረጅም ጊዜ አዳመጠች። ሕሊና የሐኪሟን ፊት እያየች ቆመች።

«አላገረሸም» አለች ፍሬሕይወት በመጨረሻ። «ግን እንደዛሬ ያለ ብርድ ሌላ ሁለት ቀን ቢያገኛቸው ወደ ቤት አልመልሳቸውም፤ ወደ ሆስፒታል ነው የምልካቸው።»

ቤት ሲመለሱ ሕሊና ሁለቱንም ሽቦ አበራች። ቁጭ አለች፤ ከዚያ እንባዋ መጣ።

«ለምን አባባ? ምን አጠፋሁ?»

መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ። «አንች አላጠፋሽም። ማክሰኞ ዕለት በረንዳው ላይ ፀሐይ ስሞቅ ቆጣሪው ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል አየሁ። ወይዘሮ ንግሥቴን ይህ ምንድን ነው ብላቸው፣ ‹ሳንቲም ሲበላ ነው፤ በእያንዳንዷ ብልጭታ አንድ ሳንቲም› አሉኝ።»

ወይዘሮ ንግሥቴ የቤቱ ባለቤት ናቸው፤ ቀልድ ይወዳሉ።

«በመቁጠሪያዬ ቆጠርሁት» አሉ አባቷ። «ማሞቂያው ሲበራ በደቂቃ አርባ ጊዜ ይላል። በሰዓት ሁለት ሺህ አራት መቶ፤ ሃያ አራት ብር። በዐሥር ሰዓት ሁለት መቶ አርባ። በወር ሰባት ሺህ ሁለት መቶ። የአንች ደመወዝ ስድስት ሺህ ነው። ልጄን ቆሜ ልብላት?»

ሒሳቡ አንድም ስሕተት የለበትም፤ መነሻው ብቻ ነው የተሳሳተው። ሕሊና እንባዋን ጠርጋ ብርድ ልብሱን እንደደረቡ ወደ በሩ አቀረበቻቸውና በስልኳ መብራት ቆጣሪውን አሳየቻቸው። ከቀዩ መብራት አጠገብ 1600 የሚል ተጽፏል።

«ይህ መብራት አንድ ሺህ ስድስት መቶ ጊዜ ብልጭ ሲል ነው አንድ ኪሎዋት የሚሞላው። እሱም ሦስት ብር ገደማ ነው።»

መሪጌታ በልባቸው አሰሉት። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። «እንግዲያ በሰዓት አራት ብር ተኩል ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እሱም ቢሆን ቀላል አይደለም።»

«አይደለም» አለች። መዋሸት አልፈለገችም።

አንዱን ሽቦ አጠፋችው። አባቷ መቁጠሪያቸውን አውጥተው፣ እሷ የስልኳን ሰዓት እያየች ቆጠሩ፤ በደቂቃ ሃያ። ግማሹን ነው። ከዚያ ተማከሩ። አልጋውን ከበሩ ንፋስ አራቁት፤ የበሩን ሥር በአሮጌ ነጠላ ወተፉት። ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትበረታ በረንዳው ላይ ሊቀመጡ፣ ጠዋትና ወደ ማታ ግን በአንድ ሽቦ ሊሞቁ ተስማሙ። በቀን ስድስት ሰዓት ቢሆን ስንት እንደሚመጣ ስታስብ፣ መሪጌታ ቀድመዋት፣ «ዐሥራ ሦስት ብር ተኩል» አሉ።

«አንድ ነገር ብቻ ይማሉልኝ» አለች ሕሊና። «ሲበርድዎት ሞቆኛል አይበሉኝ።»

«አልምልም፤ ካህን አይምልም። ግን አልልሽም።»

በማግሥቱ ሥራ ላይ ሳለች ሦስት ጊዜ ደወለችላቸው። ሦስተኛው ላይ ተቆጧት። ቢሆንም ሳምንቱን ሙሉ ወደ ቤት ስትቃረብ እግሯ ይፈጥን ነበር። ካርዱ ካሰበችው ሁለት ቀን ቀድሞ አለቀ፤ ሁለት ሌሊት ስለበረዳቸው ሁለቱንም ሽቦ አብርተው ስላደሩ ነው። ከምሳዋ ቀንሳ ሞላችው፤ ለአባቷ አልነገረቻቸውም።

ታኅሣሥ ሲያልቅ ፍሬሕይወት ደረታቸውን እንደገና አዳምጣ ፈገግ አለች። መሪጌታ ለጥምቀት ፈረስ ቤት ካልደረስሁ ብለው ነበር፤ ሕሊና አልሰማ አለች። በመጨረሻ በዓሉን ቡሬ ላይ፣ ከካህናቱ ጋር ሳይሆን ከልጃቸው ጎን ቆመው፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው አከበሩት።