ምነው ከሳህ?

የመሥሪያ ቤታችን ሐኪም አዛኝ ሴት ናት፤ ፍርዷን ግን ፈገግ ብላ ነው የምትሰጠው። የደም ግፊት መለኪያውን ከክንዴ ላይ ፈታችና፣ «ወይ ግፊቱ ይወርዳል፣ ወይ እርስዎ ከመሪው ይወርዳሉ» አለችኝ። ሁለት ወር ሰጠችኝ። ጨው መተው፣ ቅባት መቀነስ፣ ስፖርት መሥራት። ስፖርት በሉልኝ እንግዲህ። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነኝ፤ ሥራዬ መቀመጥ ነው። ጎህ ሳይቀድ ወጥቼ ማታ እገባለሁ። ከመሪው ብወርድ ደግሞ ሌላ የማውቀው ሙያ የለኝም።

ጂም ሄጄ ጠየቅሁ። እንግዳ ተቀባዩ የራሱን ጡንቻ እያየ የወሩን ክፍያ ነገረኝ። እንዳልሰማ ሆኜ፣ «ጫማስ ከናንተ ነው?» አልኩት። «ከራስዎ ነው፤ ቱታውም ከራስዎ» አለኝ። የሚከፈትበት ሰዓት ደግሞ ልክ እኔ መሪ ላይ ያለሁበት ሰዓት ነው። በዚህ ገንዘብ ለልጆቼ ጫማ እገዛበታለሁ ብዬ ወጣሁ። አልገዛሁም፤ እንዲሁ ለንዴቴ ያህል ያልኩት ነው።

ስለዚህ በነጻው ጀመርኩ። ጠዋት የሠራተኛ ሰርቪሱን ትቼ እስከ ዴፖው በእግሬ መሄድ ያዝኩ። ከመውጣቴ በፊት ሁለት የውሃ ጀሪካን ይዤ ከፍ ዝቅ አደርጋለሁ። ባለቤቴ ዳቦ ቤት ስለምትሠራ ከኔ ቀድማ ትወጣለች፤ የምታየኝ አብራን የምትኖረው እናቴ ብቻ ናት። «ውሃ ፈልገህ ነው?» ትለኛለች።

የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ደግሞ እስክነሳ ባለችኝ ትንሽ ጊዜ አውቶቡሱን እዞራለሁ፤ ፈጠን ፈጠን እያልኩ፣ እጄን እያወናጨፍኩ። አንድ ቀን ስዞር ስዞር ቀና ብል፣ ተሳፋሪው በሙሉ ወርዶ ወደ ሌላ አውቶቡስ ይጋፋል። ሹፌር መኪናውን እንዲህ የሚዞረው ሲበላሽበት እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ትኬት ቆራጯ በሳቅ ፈነዳች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዴፖው ስሜ «ዙረት» ሆኖ ቀረ። የስምሪት ኃላፊው ሳይቀር፣ «ዙረት፣ ተራህ ነው» ይለኛል።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት ሰውን ነው። ሆዴ ከመሪው ትንሽ ራቅ ማለት ሲጀምር ሰዉ ያዝንልኝ ጀመር። «ምነው ከሳህ?» ይላል አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በደህናህ ነው?» ይላል ሌላው። ስፖርት ነው ስላቸው «ይሁን እስቲ» ብለው እርስ በርስ ይተያያሉ። ከላይ ፎቅ ያለችው ጎረቤታችን ባለቤቴን ደረጃ ላይ አስቁማ፣ «እውነቱን ንገሪኝ፣ ሐኪም ምን አለው?» ብላታለች። በኛ ሰው ዘንድ የወፈረ ተመችቶታል፤ የከሳ ደግሞ አንድ የደበቀው ነገር አለ።

እናቴ ግን ምንም አላለችም። ዝም ብላ ታየኛለች። እሷ ዝም ስትል ነበር መጠርጠር የነበረብኝ።

ቀጠሮዬ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው አውቶቡሴ ጋራዥ ገባና በምሳ ሰዓት ቤት መጣሁ። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ምድጃው አጠገብ ቆማለች። ባለቤቴ ለኔ ብቻ ያለ ጨው የሠራችው ሾርባ ክዳኑ ተነስቷል። እናቴ አንድ ማንኪያ ቅቤ ጣል አደረገች። ጨውም በተነችበት፣ ያውም በጣት ሳይሆን በእፍኝ። አማስላ ቀመሰችና ደግማ በተነች። እኔ ሞኙ ደግሞ ሰሞኑን ባለቤቴን፣ «እጅሽ ይባረክ፣ ለካ ያለ ጨውም ይጣፍጣል» ስላት ነበር የከረምኩት።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

አልደነገጠችም። «ምግብህን እያስተካከልኩ» አለች።

ደሜ ፈላ። ጮህኩባት። በእግሬ የምኳትነው፣ የሰው መሳቂያ የሆንኩት ለምን ይመስልሻል አልኳት። እንጀራዬን ልትዘጊው ነው አልኳት። ለእናት የማይባል ብዙ ነገር ተናገርኩ። ማማሰያውን እንደያዘች እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«አባትህንም መጀመሪያ ቀበቶው ነው የሰፋው» አለች። «ሰው ምነው ከሳ ሲለኝ፣ ቀለለው እንጂ ምን ሆነ እላለሁ። ቀበቶው ላይ ሌላ ቀዳዳ የበሳሁለት እኔ ነኝ። ሁለተኛ አልሞኝም።»

ንዴቴ ግን አልበረደልኝም፤ ሾርባውን ትቼ በባዶ ሆዴ ወጣሁ።

በማግስቱ ወደ ሐኪሟ ልሄድ ስነሳ እናቴ ሻሿን አስራ፣ ጫማዋን አድርጋ በሩ ላይ ቆማለች።

«ወዴት ነው?» አልኳት።

«ካንተ ጋ» አለች። ልከራከራት ሞከርኩ፤ እሷን ተከራክሮ የረታ ሰው ግን ገና አልተወለደም።

ሐኪሟ ለካችኝ። ደግማ ለካች። «ክብደትዎ ቀንሷል፤ ግፊቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ጨው ትተዋል?» አለች።

አፌን ሳልከፍት እናቴ ከወንበሯ ተነሳች። «እሱ ትቷል። ተደብቄ የምጨምርበት እኔ ነኝ» አለች። «ከመሪው የሚወርድ ካለ እኔን አውርጂኝ።»

ሐኪሟ አየችኝ፤ እኔ ወለሉን አየሁ። ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «አንድ ወር ጨምሬልዎታለሁ፤ የመጨረሻ ነው። እማማ፣ እርስዎም ከእንግዲህ ጨው የለም» አለች።

«እሺ» አለች እናቴ። ግን አልተቀመጠችም። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ ልጄ። ይሄ ልጅ እየከሳ ነው ወይስ እየዳነ?»

«እሱን ልጅዎን ይጠይቁት» አለች ሐኪሟ።

ሁለቱም ወደኔ ዞሩ። ሁለት ወር ሙሉ ስለ ቅባቱ፣ ስለ ጨው፣ ስለ ሰዉ ሐሜት ቤቱን ስበጠብጥ፣ ለእናቴ ይህን አንድ ነገር አልነገርኳትም።

«አልታመምኩም እማዬ። እንዳልታመም ብዬ ነው። አልሞትም» አልኳት።

አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ዘፍ ብላ የሻሿን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች።

«ታዲያ እስከዛሬ» አለችኝ ተቆጥታ፣ «አፍ አልነበረህም?»