የተረፈ መድኃኒት

ቀለም ቀቢው «እግዜር ያጽናሽ» ብሎ እጁን ሲዘረጋላት፣ ልብስ ሰፊዋ ከፊቱ ይልቅ የኮቱን ኪስ አየች። ያበጠ ነገር ፈለገች፤ አላገኘችም። እጁን ግን ከልማዷ በላይ ይዛ አቆየችው።

«ተቀመጥ» አለችው። «ከበሩ አጠገብ አይደለም፤ እዚህ፣ እኔ ጋ።»

ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። የስፌት መኪናዋ ወደ ጓዳ ተገፍቶ በስፍራው የተውሶ ወንበሮች ተደርድረዋል። ሰው ይገባል፤ አንገቱን ይደፋል፤ ሻዩን ይዞ ከአጠገቡ ካለው ጋር ያንሾካሹካል። ጥርጣሬ የልብ ብል ነውና፣ እርሷም ከዚያ ሁሉ ሹክሹክታ መካከል የአንድ ሰው ድምፅ ታድን ነበር፤ ወንድሟን የገደለውን ሰው።

ሐኪሙ የነገራት አጭር ነበር። «የሕመም ማስታገሻ በዝቶበት፣ በተኛበት ትንፋሹ ቆመ። እኔ ማዘዝ ካቆምኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። ከየት አመጣው?» ከዚያ የወንድሟን የሥራ ካፖርት ስትፈትሽ ከኪሱ ሦስት ባዶ የመድኃኒት ፖስታ አገኘች። መድኃኒቱ አንድ ዓይነት ነው፤ የተጻፈው የበሽተኛ ስም ግን የሦስት ሰው፤ የሥራ ባልደረባው የቀለም ቀቢው፣ የጎረቤቷ የጡረተኛው ሹፌር፣ የአክስቷ። ሦስቱም አሁን በዚህ ቤት ተቀምጠው ያለቅሳሉ።

ወንድሟ፣ ነፍሱን ይማርና፣ አናጢ ነበር። ሜትር ሳይዘረጋ የበር ስፋት በዓይኑ ይናገር ስለ ነበር «ልኩ» ይሉታል። ከመወጣጫ ወድቆ ወገቡን ሲጎዳ የዐሥር ቀን ኪኒን ታዘዘለት። ዐሥሩ ቀን አለፈ፤ ሕመሙም ውሎ አድሮ አለፈ፤ የኪኒኑ አምሮት ግን አላለፈም። ከዚያ ወዲህ የሠራላት ቁም ሣጥን በሩ አልገጥም አለ። «ልኩ፣ ልክህ የት ሄደ?» ብላ ስትስቅበት እርሱም አብሯት ሳቀ፤ ቀኑ ብርድ ሆኖ ሳለ ግንባሩ ላይ ግን ላብ ችፍ ብሎ ነበር። ያን ላብ ያኔ ብታየውም ያስተዋለችው ዛሬ ነው።

«ስምህ ወንድሜ ኪስ ውስጥ ምን ይሠራል?» አለችው ቀለም ቀቢውን፣ ፖስታውን እያሳየችው።

ሻዩን አስቀመጠ። «ትከሻዬን ያመመኝ ጊዜ የተረፈ ነው፤ ሰባት ፍሬ። ‹ካንተ በቀር የማስቸግረው የለኝም› አለኝ። ምን ላድርግ?»

ሹፌሩ ከማዶ ቀና አለ። «ምን? ለእኔም እኮ እንደዚያው ነው ያለኝ! ‹ጋሼ፣ ከእርስዎ በቀር› ብሎ።»

«እና ሰጡት?»

«በየወሩ ለወገቤ ከሚሰጡኝ ላይ። ልጄ፣ ሰው ፊቴ እያቃሰተ ለዘር ላስቀምጠው?»

አክስቷ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። «እኔስ የጉልበቴን ሕመም ችዬ ነው የሰጠሁት» አለች።

ከጥግ የተቀመጠች ሴት፣ «እናንተ ምን ታደርጉ! ጥፋቱ ኪኒኑን የምትሸጠው የባለፋርማሲዋ ነው። እሷ ገበያዋን እንጂ ነፍስ መቼ ታያለች?» አለች። ቤቱ በአንድ አፍ ተስማማ። ለበደሉ የሌላ ሰው ትከሻ ሲገኝለት እፎይ የማይል የለም። የልብስ ሰፊዋም ልብ ወደዚያው አዘነበለ።

ለማስረጃ ይሆናል ብላ ካፖርቱን አምጥታ ጭኗ ላይ ዘረጋችው። ሠላሳ ዓመት ገበር የዳሰሱ ጣቶቿ ግን ከኪሱ በታች ቆሙ። በጨርቁና በገበሩ መካከል ወረቀት አለ፤ ኪሱ ተቀድዶ ሾልኮ ኖሯል። ስፌቱን በምላጭ ፈታችው። አራተኛ ፖስታ ነው።

የራሷ ስም ተጽፎበታል። ቀኑም ከሦስቱ ይቀድማል።

ሐኪሙ ማዘዝ ያቆመበት ወር ነበር፤ እርሷም መንጋጋዋን የተነቀለችበት። ዐሥራ አራት ፍሬ ተሰጥቷት ሁለቱን ውጣ ዳነች። የቀረውን ከነፖስታው መዳፉ ላይ አኑራለት፣ እናታቸው ስትል እንደኖረችው፣ «መድኃኒት አይጣልም፤ የዳነ ለታመመ ይስጥ» አለችው። ያን ቀን እርሱ አልጠየቃትም ነበር።

ማንም አላየም። ፖስታውን እጅጌዋ ውስጥ ብትከተው፣ ባለፋርማሲዋም እዚህ ሆና አትሟገት፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ወረቀቱን አጠፈችው። መልሳ ዘረጋችው።

«ባለፋርማሲዋን ተዉአት» አለች። አራቱን ስሞች እንደ ቀናቸው ቅደም ተከተል ጮክ ብላ አነበበች፤ ከራሷም ጀመረች። «ለእኔ የታዘዘውን ሐኪም ሳልሆን ለእሱ ያዘዝኩለት እኔ ነኝ። እናንተ ዘንድ የመጣው እኔ ጋ ሲያልቅበት ነው። መንገዱን ያሳየሁት እኔ ነኝ።»

ቀለም ቀቢው ዓይኑን ወለሉ ላይ ተከለ።

አክስቷ ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። «ወይ ራሴ! ሊፈነዳ ነው» አለች፤ ከልማድ የተነሣም፣ «አንድ ፍሬ እንኳ...» ብላ ጀምራ ቃሉ ከንፈሯ ላይ ቀረ። ከተቀመጡት መካከል ወደ ቦርሳው እጁን የሰደደ አልነበረም።

ልብስ ሰፊዋ ካፖርቱን ከጭኗ አነሣች፤ በስፍራውም የአክስቷን ራስ አስተኛች። ሁለቱን አውራ ጣቶቿን ግንባሯ ላይ አሳርፋ፣ ከቅንድቧ ወደ ጸጉሯ፣ በቀስታ፣ ደጋግማ ታሽላት ጀመር።