ሃያ ትንፋሽ

ፕላስተር በጣት ርዝመት እየቆረጥኩ በጋሪው ጠርዝ ላይ እደረድር ነበር። ስምንተኛው ላይ ስደርስ ቀና ብዬ አየኋት። እቴቴ መስኮቱ ሥር ከተኙት ሽማግሌ አጠገብ ቆማለች። እጃቸውን በእጇ ይዛ፣ ዓይኗን ብርድ ልብሳቸው ላይ ጥላ፣ እንደተተከለ ችካል ዝም ብላለች።

«ተኝታለች» አለኝ ምግብ አመላላሹ፣ ባዶ ሰሃኖቹን እየሰበሰበ።

«ተዋት፤ እቴቴ የያዘችውን እጅ ካልነጠቋት አትለቅም።»

ሳቅን። በክፍላችን የቆየ ቀልድ ነው። እቴቴ ቆማ ታንቀላፋለች እንላለን፤ ከአልጋ አልጋ እስክትደርስ የገባው በሽተኛ ድኖ ይወጣል እንላለን። ጡረታ ልትወጣ አራት ወር ቀርቷታል። እንደኔው ረዳት ነርስ ናት። እኔ ስምንት አልጋ ስጨርስ እሷ ሦስት ትጨርሳለች። በልቤ አዝንላት ነበር። ማዘኔ ደስ ይለኝ እንደነበር ያወቅኩት ግን ኋላ ነው።

ፕላስተሩን ጨርሼ ቻርቶቹን ያዝኩ። ሙቀቱን ቴርሞሜትሩ ይናገራል፤ ግፊቱንና የልብ ምቱን መሣሪያው ያወጣል። መሣሪያ የሌለው ትንፋሽ ብቻ ነው። አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆመሽ ደረት ሲነሳና ሲወርድ መቁጠር ነው። ሠላሳ ሁለት አልጋ አለን፤ ሠላሳ ሁለት ደቂቃ ማለት ነው። እኔ ሃያ እጽፋለሁ። ደህና ሰው በደቂቃ ሃያ ጊዜ ቢተነፍስ ማንም አይደነግጥም፣ ማንም አይጠይቅም። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ወር፣ ከላይ የተጻፈውን ሃያ አይቼ ከሥሩ ሃያ ጻፍኩ። ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ሁላችንም የምናደርገው ይመስለኝ ነበር።

«ዲግሪ!» ብላ ጠራችኝ እቴቴ። ትምህርት ከጀመርኩ ወዲህ ስሜን ትታዋለች። «ቅዳሜ ፈተና ነው ወይስ እንዲሁ ትምህርት?»

«እንዲሁ ትምህርት።»

«በይ እኔ እገባልሻለሁ። ብቻ ዲግሪውን ሲጭኑብሽ አንገትሽ እንዳይቀጭ፤ ድሮም ሰንበሌጥ ነው።»

ሁለት ዓመት ሙሉ የቅዳሜ ፈረቃዬን የሠራችልኝ እሷ ናት።

ትምህርቱ እንደኔ ያሉ ረዳት ነርሶችንና ዲፕሎማ ያላቸውን ወደ ዲግሪ የሚያሻግር ነው። በክፍሉ ሠላሳ አንድ ነን፤ በዕድሜ ሁሉንም እበልጣለሁ፣ መምህሩን ጨምሮ። ሌላውን ሁሉ «አንተ»፣ «አንቺ» ሲል እኔን «እርስዎ» ይለኛል። አክብሮት መሆኑን አውቃለሁ። ግን በጠራኝ ቁጥር ወንበሬን አንስቶ ወደ ግድግዳው ያስጠጋው ይመስለኛል።

በዚያ ቅዳሜ መብራቱን አጠፋና ግድግዳው ላይ አንድ ቻርት በፕሮጀክተር አሳየን። ለጥናት ከተለያዩ ሆስፒታሎች የሰበሰበው ነው። የበሽተኛው ስም፣ የሆስፒታሉ ስምና ፊርማዎቹ በነጭ ወረቀት ተሸፍነዋል።

«የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት፤ አንጀቱን ቀዶ ጥገና በተደረገለት በሁለተኛው ቀን» አለ። «ሙቀቱን መድኃኒት አውርዶታል። የልብ ምቱ በጥቂቱ ጨምሯል። ሰውነት ሲታመም ቀድሞ የሚናገረው ትንፋሽ ነው። እስቲ የትንፋሹን መስመር አንብቡልኝ።»

የክፍሉ አለቃ አነበበች። ከዲፕሎማ ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሁሉም «አለቃ» ነው የሚላት። «ሃያ። ሃያ። ሃያ። ሃያ... ሃያ። ሃያ።» ከዚያ ቆመች። «ሠላሳ ስምንት!»

«እሱ ፈረቃ ሲቀየር የገባው ነርስ የቆጠረው ነው» አለ መምህሩ። «ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹማ መዘምራን ናቸው» አለች አለቃ። «ሁሉም አንድ ዜማ ነው የሚያዜሙት!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። አፌ ከልቤ ቀድሞ ተከፈተ።

ሃያዎቹ የተጻፉባቸውን «2» ቁጥሮች ያየኋቸው እየሳቅኩ ሳለ ነው። የኔ ሁለት ከሥሯ ጅራት አላት፣ ወደ ላይ የተቆለመመች። ዜሮዬ አትገጥምም፤ አናቷ ላይ በጠባቡ ክፍት ትቀራለች። ግድግዳው ላይ ስድስት ጅራታም ሁለት፣ ስድስት አናተ ክፍት ዜሮ ተደርድሯል፤ እያንዳንዱ የሰው ጭንቅላት ያክላል። ጽሕፈቴን አወቅኩት። ወጣቱን ግን ላስታውሰው አልቻልኩም። ጥቁር ይሁን ቀይ፣ እናቱ አጠገቡ ትቀመጥ አትቀመጥ፣ አንድም ነገር አልመጣልኝም።

«ዳነ ወይ?» ብሎ አንዱ ከኋላ ጠየቀ።

«ድኗል። ግን ሁለት ጊዜ እንደገና ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ ሦስት ሳምንት በማሽን ነው የተነፈሰው።» መምህሩ ወደኔ ዞረ። «እርስዎ ብዙ ዓመት ሠርተዋል። ይህ ለምን የሚሆን ይመስልዎታል?»

ክፍሉ ጨለማ ነው፤ ፊቴን ማንም አያይም። «የኔ ነው» ለማለት ሁለት ቃል ይበቃ ነበር።

«እኛ ክፍል አንዲት ትልቅ ሴትዮ አለች» አልኩ። «ጡረታ ልትወጣ ጥቂት የቀራት። የበሽተኛ እጅ እንደያዘች ቆማ ታንቀላፋለች። እንዲህ ያለውን የሚጽፉት... እንደሷ ያሉት ናቸው።»

እንደገና ተሳቀ። መምህሩ ብቻ አልሳቀም።

«ብታናግሯት እንዴት ጥሩ ነው!» አለ። «ለመክሰስ አይደለም፤ ለመረዳት ነው። እርስዎና አለቃ ሁለት ገጽ ጽፋችሁ ለሚቀጥለው ቅዳሜ አምጡልኝ።»

ቤት ስገባ ልጄ የምግብ ጠረጴዛውን በደብተር ሞልታዋለች። አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ጠረጴዛውን መሃል ለመሃል ተካፍለን ነው የምናጠናው፤ ድንበር ከተሻገርኩ በማስመሪያ ትገፋኛለች።

«እማ፣ ዛሬ ምን ተማራችሁ?»

«ትንፋሽ መቁጠር።»

«በስተርጅና?» ሳቀች። «እኛ እንኳን መቁጠርን አንደኛ ክፍል ነው የጨረስነው።»

ሌላ ቀን ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። «ወንበርሽን ሳብ አድርጊው» አልኳት። ወንበሩ የትም አልደረሰብኝም።

ሰኞ ለአለቃ ደወልኩና ብቻዬን እንደምጽፈው ነገርኳት። «ኧረ እትዬ! ትልልቅ ሰዎች ስለ ሥራቸው ሲያወሩ መስማት እኮ ነፍሴ ነው፤ ነገ እመጣለሁ» አለችኝ። ለእቴቴ እነግራታለሁ ብዬ አደርኩ። ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ጊዜ አጠገቧ ሄድኩ፤ ሦስቴም ሌላ ነገር ጠየቅኳት። ጓንት የት ነው አልኳት፣ ጓንት እጄ ላይ እያለ።

አለቃ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ደብተሯን ታቅፋ መጣች። እቴቴ በርጩማ ስባ፣ በጋዋኗ ጫፍ ጠርጋ አስቀመጠቻት።

«አንቺም የዚህችው የዲግሪ ጓደኛ ነሽ? በሏ፣ ተምራችሁ እኔን በስተመጨረሻ አክሙኝ።»

«እናመሰግናለን እናቴ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር» አለች አለቃ። ደግ ለመሆን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሥራ ይበዛል፣ ድካም አለ፤ ማንም አይፈርድብዎትም። ትንፋሽ ሳይቆጥሩ ሃያ የሚጽፉት ለምንድን ነው?»

«ማን ነው ሃያ የሚጽፈው?»

አለቃ ወደኔ ዞር አለች። ክፋት አልነበረባትም፤ እርዳታ ፈልጋ ነው። «እትዬ በክፍል የነገረችን... እጅ ይዘው ሸለብ እንደሚያደርግዎት...»

እቴቴ አላየችኝም። ባየችኝ ይሻል ነበር። ተነሳችና ከመደርደሪያው ቻርቶች አምጥታ አለቃ ጉልበት ላይ አስቀመጠች።

«የኔ ፊርማ ይህቺ ነች፤ ዶሮ የጫረችው የሚመስለው። አንብቢ።»

«አሥራ ስምንት» አለች አለቃ። «ሃያ ሁለት። አሥራ ስድስት። ሃያ ስምንት፣ ለዶክተር ተነገረ...» ገለጠች። ሌላ ገለጠች። የእቴቴ ቁጥሮች እንደ ሰዎቹ ይለያያሉ።

«በሽተኛን ትንፋሽህን ልቆጥር ነው ካልሽው አተነፋፈሱ ይለወጣል» አለች እቴቴ። «ፎቶ ሊያነሱት ነው ብለሽ አስቢው፤ ሰው ይገተራል። ስለዚህ እጁን ትይዣለሽ። የልብ ምት የምትቆጥሪ ይመስለውና ይረሳሻል። ዓይንሽ ግን ደረቱ ላይ ነው። አንድ ደቂቃ። ቢነቃነቅ፣ ቢስል፣ እንደገና ከአንድ።»

አለቃ እየጻፈች ነበር። ከዚያ ከእቴቴ መስመር ሥር ያለውን፣ በሌላ ቀን የተጻፈውን መስመር አየች። ብዕሯ ቆመ። አንድ ጣቷን አንዷ ሁለት ላይ፣ ጅራቷ ላይ አሳረፈች። ቀጣዩን ቻርት ገለጠች፤ እዚያም አለ። ቀና አላለችም፤ ደብተሯን ቀስ ብላ ዘጋችው። መዘምራን ብላ ብትስቅብኝ ምንኛ በወደድኩ።

«የኔ ነው» አልኩ። «ቅዳሜ ያየነውም የኔ ነው።»

«እትዬ... እኔ እኮ አላወቅኩም፤ እንዲሁ ለቀልድ...»

«አንቺ ምን አጠፋሽ።»

ተነሳች። የእቴቴን እጅ በሁለት እጇ ይዛ አመሰገነች። በሩ ጋ ስንደርስ «ሁለቱን ገጽ አንቺው ጻፊው፤ ስሜን አታስገቢ» አለችኝና ሄደች።

ከዚያ በኋላ እቴቴ የተናገረችኝ ለሥራ የሚያስፈልገውን ብቻ ነው። «ጋሪውን።» «ያዢልኝ።» «አሥራ ሁለት ቁጥር አልጋ ውኃ ይፈልጋል።» አንድ ጊዜ ጠራችኝ፤ በስሜ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአፏ ያልሰማሁት ስሜ እንደ ባዕድ ሰው ስም ሆነብኝ።

ፈረቃው ሲያልቅ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ቁጭ ብዬ ሁለቱን ገጽ ጻፍኩ። ስለ ሠላሳ ሁለቱ አልጋ ጻፍኩ። ስለ ሰው እጥረት፣ ከላይ ያለውን አይቶ ከታች ስለመጻፍ ልማድ ጻፍኩ። ቻርቱ የኔ መሆኑንም ጻፍኩ። ይህን ጽፌ ምን እንደሚገጥመኝ አላውቅም፤ ከትምህርቱ ሊያስወጡኝ ይችላሉ። እቴቴ ጫማዋን ስትቀይር ወረቀቱን ዘረጋሁላት።

«መነጽሬን ቆልፌበታለሁ» አለች። «አንብቢው።»

አነበብኩላት። መጨረሻው ላይ «አንዲት ባልደረባዬ ግን ሁልጊዜ በትክክል ትቆጥር ነበር» ይላል።

«አንዲት ባልደረባሽ ማን ናት?»

«አንቺ ነሽ።»

«ምን አደረግሽኝ?»

የጫማዋን ማሰሪያ ቋጠረች፣ ሌላኛውን ጀመረች።

«ዋሸሁብሽ» አልኩ።

«እሱ የታለ ታዲያ? አልሰማሁትም።»

ወረቀቱን አየሁ። እውነቷን ነው፣ የለም። ሁለት ገጽ ሙሉ ጥፋቴን ጽፌ እሷን ያደረግኳትን ዘልዬዋለሁ። ሰርዤ ጻፍኩ፤ መጀመሪያው ላይ፣ ከአልጋዎቹ በፊት።

«ሠላሳ ሁለቱ አልጋ ይውጣ?» አልኳት።

«ለምን ይወጣል? እውነት ነው። ብቻ ከታች ይሁን።»

«እቴቴ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬሻለሁ። ሁለት ጊዜ። ሳቅሽ።»

ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። በሩን ከፍታ ቆመች፤ ጀርባዋ ወደኔ ነው።

«ቅዳሜ እኔ እገባለሁ» አለች። «ወረቀቱን ካንቺ ሌላ ማን ያደርሰዋል?»

ኮቴዋ በኮሪደሩ እስኪጠፋ ጠበቅኩ። ሁለቱንም ገጽ በንጹሕ ወረቀት እንደገና ገለበጥኩ፤ አልቸኮልኩም። በስቴፕለር አያይዤ ፖስታ ውስጥ ከተትኩና የመምህሩን ስም ጻፍኩበት። ፖስታውን አሸግኩ፣ ስቴፕለሩን ወደ መሳቢያው መለስኩት።