የዓሣው ውሃ መድኃኒት

ፋሂም ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ዓሣ ላከ። ሌላው ወንድ ማር ይልካል፣ ጋቢ ይልካል፤ የኔው ግን አምስት ወርቃማ ዓሦችን ከነመስታወት ገንዳቸው ከመርካቶ አስጭኖ ሰፈራችን ሄርማታ ድረስ አስመጣ። "አባትሽ ሁሉ ነገር አላቸው፤ ይኼ ግን የላቸውም" አለኝ። እውነቱን ነው። ዓሣ ከመበላት ሌላ ለመታየትም እንደሚሆን አባቴ ያወቁት ያን ቀን ነው።

አባቴ አባቦራ ይባላሉ፤ ገበያው አጠገብ የብረታ ብረት ሱቅ አላቸው። በዚያ ዕድሜያቸው ያለ መነጽር ከአንድ ካርቶን ምስማር ውስጥ ጠማማውን ለቅመው ያወጣሉ። ገንዳውንም እንደዚያው ዞረው ዞረው መረመሩትና ፍርዳቸውን ሰጡ።

"ሕይወት ያለው ነገር የሚሰጥ ሰው ሕይወት መጠበቅ አውቃለሁ ማለቱ ነው። በሚመጣው እሁድ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ዓሦቹ ሞተው ካገኘኋቸው፣ ልጄንም አልሰጥም።"

አባቴ አንዴ ከተናገሩ ተናገሩ ነው። እኔ ደግሞ ፋሂምን እወደዋለሁ፤ መሸፋፈን አልወድም። አጋሮ ከተማ የራዲዮና የቴፕ ሱቅ አለው፣ ያስቀኛል፣ ስናገር ይሰማኛል። ሌላ ሰው አላገባም፣ አለቀ።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለቱ ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈው ተገኙ። እናቴ ፈድሊያ "የሰው ዓይን ነው፣ ዋላሂ የሰው ዓይን ነው" እያለች ገንዳውን በነጠላዋ ሸፈነችው። አባቴ ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ አልፈው ሄዱ።

እኔ በቀላሉ አልደነግጥም። መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው፤ የታመመ ነገር ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ምን እንደወሰደ ነው። ዓሦቹ የወሰዱት የቧንቧ ውሃ ነው። በቧንቧችን ውሃ ክሎሪን አለበት። እኛን ከጀርም ያድነናል፤ ዓሣ ግን የሚተነፍሰው በዚያው ውሃ ስለሆነ መተንፈሻውን ያቃጥለዋል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ሥሩን አገኘሁት፤ የቀረኝ ክሎሪን ማጥፊያ መምረጥ ነው።

ከመድኃኒት ቤታችን ፊት ለፊት ፎቶ ቤት ያላቸው ጋሽ ገብረሥላሴ ወሬውን ሰምተው በብልቃጥ ነጭ ጨው ይዘው መጡ።

"ፊልም የማጥብበት ነው። ክሎሪንን ድራሹን ያጠፋዋል፤ ውሰጂው።"

"አውቃለሁ ጋሽዬ። ግን ንጹሑ ነው ወይስ ሌላ ነገር ተቀላቅሎበታል?"

"ድሮ ንጹሑን ነበር የምገዛው። አሁን ተደባልቆ ነው የሚመጣው።"

"እንግዲያው ይቅርብኝ። የተደባለቀውን ሳላውቅ ለማንም አልሰጥም።"

አልተቀየሙኝም። ፋሂም ዕቃ ሊገዛ መርካቶ ነበርና ደወልኩለት፤ ዓሦቹን የሸጠለት ሰው ሱቅ ገብቶ መልሶ ደወለ።

"ሩፈይዳ፣ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ሰማያዊ ነው፣ ሥዕሉ ያምራል። ውሃውን ያጠራል፣ ቫይታሚንም አለው ይላል። ሰው ሁሉ የሚወስደው ይኼን ነው አለኝ።"

"ክሎሪን ያጠፋል ይላል?"

ሲያነብ ቆየ። "እሱን አይልም።"

"ሌላውስ?"

"ትንሽ ጠርሙስ ናት፣ ሥዕል እንኳ የላትም። ክሎሪን ታጠፋለች። ለስንት ሊትር ስንት ጠብታ እንደሆነም ተጽፎባታል።"

"ጊዜዋ አላለፈም?"

"አላለፈም።"

"እሷን ላክልኝ።"

"ለክፉም ለደጉም ቆንጆውን ልጨምርበት?"

"አትጨምር። ሁለት መድኃኒት ሰጥቼ የትኛው እንዳዳነ፣ የትኛው እንደጎዳ በምን አውቃለሁ?"

ጠርሙሷ ሐሙስ በሚኒባስ ደረሰች። የገንዳውን ውሃ ለካሁ፣ ግማሹን ቀየርኩ፣ ጠብታውን በልኩ ጨመርኩ። ከላይ አፋቸውን ሲያላውሱ የነበሩት ሦስቱ ዓሦች ማታውን ወደ ታች ወርደው መጫወት ጀመሩ። ደስ ብሎኝ የምለብሰውን ልብስ ሳይቀር መረጥኩ።

ዓርብ ጠዋት አንዱ ሞተ።

ልኬቱን እንደገና ሠራሁ፤ ስህተት የለበትም። እኔ በልኬት አልሳሳትም። አባቴ ከመስጊድ ሲመለሱ ገንዳው ፊት ቆሙና "ሁለት ቀሩ" አሉ፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም። ያን ጊዜ ግን ፈራሁ። ፋሂምን በአንድ የሞተ ዓሣ ላጣው ነው።

ቅዳሜ ንጋት ላይ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ወደ ሳሎን ስገባ ክሎሪን ሸተተኝ። አፍንጫዬ በመድኃኒት ቤት ያደገ ነው፤ አያታልለኝም። የጠፋ ክሎሪን ሰው ካልመለሰው አይመለስም። ቀና ስል እናቴ ገንዳው ላይ አጎንብሳ፣ ቀበሌ ለየቤቱ ያደለውን የመጠጥ ውሃ ማከሚያ እንደያዘች "ቢስሚላህ" ብላ ስታንጠባጥብ አየኋት።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። አተት ከተማውን ካስጨነቀበት ክረምት ወዲህ እናቴ የሰፈሩ ሴቶች የጤና አስተባባሪ ናት። ይህን ጠብታ ያልነካው ውሃ በቤታችን ለሰው ቀርቦ አያውቅም። ለእንግዳ ከሆነማ እጥፍ ታደርገዋለች።

"እማ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"ውሃቸውን እያከምኩ ነዋ ልጄ፣ ኢንታላ ኮ። የፋሂም እንግዶች አይደሉ? በየጠዋቱ አደርግላቸዋለሁ። እየሞቱ ሲያስቸግሩ ደግሞ ጨመርኩላቸው።"

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ እንባዬ። ጠብታው ራሱ ክሎሪን መሆኑን ስነግራት እዚያው መከዳው ላይ ቁጭ አለች።

"ያ ረቢ። ልጄን ልድር ብዬ ልጄን ላስቀራት ነበር?"

"ገና አላስቀረሽኝም" አልኳትና ጠብታውን ከእጇ ወሰድኩት። ውሃውን ቀየርኩ፣ በትንሿ ጠርሙስ በልኩ አከምኩ። ከሁለቱ አንዱ አልሆነለትም። አንዱ ግን ማታ ምግብ በላ። ለአባቴም ከስልኩ እስከ እናቴ ጠብታ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

እሁድ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ኦቦ ጀቤሳ የተባሉት ትልቁ ሰው "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ብለው እንደ ወጉ በራፉ ላይ ቆሙ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነኝ፤ እናቴ ክንዴን ጨብጣለች። አባቴ ተነሥተው ወደ ገንዳው ሄዱ።

"ከአምስት አንድ ቀረ" አሉ።

"አንድም ሕይወት ነው፣ አባቦራ" አሉ ኦቦ ጀቤሳ።

"ነው። ግን ይኼን ያቆየው የእናንተ ልጅ አይደለም። እሱ ሰጠ፤ ባለቤቴ በደግነቷ ልትጨርሳቸው ነበር። ያተረፈችው ልጄ ናት።" የእናቴ ጥፍር ክንዴ ውስጥ ገባ። "እሱም ቢሆን ላክ ያለችውን ብቻ ልኳል። የምታውቅን ሴት የሚሰማ ወንድ ቤት አያፈርስም። ሰጥቻለሁ፤ ተቀመጡ።"

ፋቲሓ ተቀራ፣ ምርቃቱ ወረደ። አባቴ እንደገና እጃቸውን አነሡ።

"አንድ ነገር ግን አለ። ልጄን ትወስዳላችሁ፤ ዓሣው ከዚህ ቤት አይወጣም።"

"ቶሌ፣ ይሁን" አሉ ኦቦ ጀቤሳ እየሳቁ።

ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ አባቴ ጠሩኝ። ትንሿን ጠርሙስ በመዳፋቸው ይዘው ገንዳው አጠገብ ተቀምጠዋል።

"ይኼ ነገር እንዴት ነው የሚደረገው?"

"በየሳምንቱ ከውሃው ጥቂቱ ይቀየራል፤ ከዚያ ጠብታው ይጨመራል።"

ጠርሙሷን ወደ መስኮቱ አቅርበው አገላበጧት። "ጽሑፉ ደቃቅ ነው፤ እኔ አይታየኝም። የእናትሽን እጅ ደግሞ አየነው።" ቀና ብለው አላዩኝም። "ከአጋሮ እዚህ ሩቅ ነው እንዴ?"

ጠማማ ምስማር በዓይናቸው የሚለዩ ሰው ናቸው። ጠብታውንም የስድስት ዓመት ልጅ ቆጥሮ ይጨምረዋል።

"ከባድ ልኬት ነው አባ፤ እርስዎ አይችሉትም" አልኳቸው። "ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ እኔው አደርገዋለሁ።"