ሊቁ ያመጣልኝ ኢንተርኔት

ታላቅ ወንድሜን ቤት ውስጥ «ሊቁ» እንለዋለን፤ እሱም ቅር ብሎት አያውቅም። ባለፈው ወር ኮምፒውተሬ ላይ የነበረውን ሲስተም «ይሄ ባርነት ነው» ብሎ ጠራረገና የዩኒክስ ዘር ነው ያለውን፣ ነፃውን ጫነልኝ። ነፃነቱስ እውነት ነው፤ ከዋይፋይ ሳይቀር ነፃ አወጣኝ። አዲሱ ሲስተም የዋይፋይ ካርዴን አላውቀውም ስላለ፣ ከግድግዳው በሚወጣው የኢንተርኔት ገመድ ብቻ መጠቀም ጀመርኩ።

የቃለ መጠይቄ ዕለት ጠዋት መንገድ ቆፋሪዎች የሰፈሩን የኢንተርኔት መስመር በጠሱት። ሁለት ዓመት ሥራ ፈትቼ ከተቀመጥኩ በኋላ አንድ ማተሚያ ቤት ለአራሚነት ሊፈትነኝ ለአራት ሰዓት በቪዲዮ ቀጥሮኛል። እያዩኝ ጽሑፍ ስለማርም ኮምፒውተር የግድ ነው።

«ምን ችግር አለው?» አለ ሊቁ፣ ሦስት ሰዓት ላይ። «የስልክሽን ኢንተርኔት በዩኤስቢ እንስበዋለን። የሁለት ደቂቃ ሥራ!»

ስልኬን ሰክቶ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፈተና ይደረድር ጀመር። ድራይቨር ጫነ፣ አነሳ፣ መልሶ ጫነ። ኮምፒውተሩ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

«ጋሼ፣ የጎረቤት ኮምፒውተር ልለምን?»

«ተይ እንጂ! ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ።»

እናቴ በበሩ ብቅ አለች። «ስልኩ ላይስ የሚነካ ነገር የለውም?»

«እማዬ፣ ይሄ የኮምፒውተር ጉዳይ ነው» አላት፣ ሕፃን እንደሚያባብል።

ለአራት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ገመዱ ቻርጅ ከማድረግ በቀር ሌላ እንደማያውቅ ደረሰበት። ታላቅ ግኝት! ሌላ ገመድ ፍለጋ ሮጥኩ። ስንት በር አንኳኩቼ አግኝቼ ስመለስ አራት ሰዓት ከአሥር ሆኗል። ሰካነው። አሁንም ወፍ የለም።

እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ስልኩን አነሳችና ቅንብሩ ውስጥ ገብታ «ኢንተርኔት በዩኤስቢ አጋራ» የሚለውን አበራችው። ጥቁሩ መስኮት ወዲያው አንድ መስመር ተፋ። ሊቁ ለኮምፒውተሩ የኔትወርክ አድራሻ ጠየቀ፣ ተሰጠው፤ ኢንተርኔቱ መጣ።

«አላልኳችሁም?» አለ።

ኢሜይሌን ከፈትኩ። ማተሚያ ቤቱ ጽፎልኛል። «ቪዲዮው ላይ ስላጣንዎት ችግር ገጥሞዎት ይሆናል ብለን፣ ፈተናውን በስልክ ልናደርግልዎ ሁለት ጊዜ ደወልን። ሁለቱንም ጊዜ ዘጉብን። ፍላጎት እንደሌለዎት ስለተረዳን ቦታውን ለሌላ ተፈታኝ ሰጥተናል።»

«ስልኬ ጠርቶ ነበር እንዴ?» አልኩ።

«አዎ፣ ገመድ ልታመጪ ስትወጪ። አንድ የማላውቀው ቁጥር ሁለቴ ነዘነዘኝ፤ ዘጋሁታ! ሰው ሥራ ላይ እያለ…»

እንባዬ መጣ። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሊቁ ግን ስክሪኑ ላይ አጎንብሶ፣ አንድ ቃል እንኳ ሳያነብ ፊቱ በራ።

«አየሽ?» አለኝ። «መልእክት ገባልሽ እኮ!»