ከሐዘን ያልወጣው ብስክሌት

ላቀው ከተቀበረ ማግስት ጀምሮ በብስክሌቱ ዙሪያ ሁልጊዜ ምሽት ነበር። ምሽቱ ስፋቱ የአንድ ድንኳን ያህል ነው። ብስክሌቱ ግድግዳ ተደግፎ ሲቆም አብሮ ይቆማል፤ ሲነዳ አብሮ ይሄዳል። ድቅድቅ ጨለማ አልነበረም። ፀሐይ ገብታ፣ ከሩቅ የሚመጣን ሰው መልኩ ስለማይለይ "ማነህ?" ብለው የሚጠይቁበት ሰዓት ዓይነት ነበር። ከዚያች ድንኳን ወጣ ሲሉ የባሕር ዳር ፀሐይ እንደ ወትሮዋ አናት ትበሳለች።

በመጀመሪያው ዓመት ይህን እንደ ነውር ያየ ሰው አልነበረም። ሚስቱ ትርንጎም ከል ለብሳለች፤ ከል የለበሰች ሴት የምትነዳው ብስክሌት ቢመሽበት ምን ይገርማል? እንዲያውም ጎረቤቶቿ "ዕቃው እንኳ አዘነለት" እያሉ አመሰገኑት። ትርንጎ መምህርት ናት፤ ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ትነዳዋለች። በክፍሏ መስኮት ሥር ስታቆመው ተማሪዎቿ ያዛጋሉ፤ ስለዚህ ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ታቆመው ጀመር። ርዕሰ መምህሩም ብድግ ብለው መብራታቸውን ያበራሉ።

ሙት ዓመቱ ሲወጣ የላቀው ታላቅ እህት እትዬ ብርቄ መጥተው የትርንጎን ከል አወለቁ። ራሷን አጥበው ቅቤ ቀቧት፤ ነጭ አለበሷትና "በቃሽ" አሏት። እንግዲህ ወሬው የተነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ሐዘን ልክ አለው። ነጭ የለበሰች ሴት ምሽት እየጎተተች በአደባባይ ስታልፍ ያስተዛዝባል።

የጉሊት ሻጮቹ ቀደሙ። ትርንጎ በአጠገባቸው ስታልፍ ሳይታወቃቸው ሽንኩርታቸውን ወደ ጆንያ መመለስ ይጀምራሉ፤ አለፍ ስትል ደግሞ እየተነጫነጩ መልሰው ይደረድራሉ።

"ኧረ ቶሎ እለፊ እቴ፣ ገበያችንን አታስመሺብን!" አለች አንዷ።

"አንቺን ብሎ ነጋዴ! ገበያሽ መቼ ነግቶለት ያውቃል?" አለች ትርንጎ፤ ሻጮቹም ሳቁ።

ቀጥሎ ትራፊክ ፖሊስ አስቆማት። እኩለ ቀን ነበር።

"እናቴ፣ ያለ መብራት በጨለማ እየነዱ ነው።"

"ቀን ነው እኮ ልጄ።"

"ለእኔ ቀን ነው። እርስዎ ያሉበት መሽቷል።" ወደ ምሽቱ ገባ ብሎ ዙሪያውን አየና ተመልሶ ወጣ። "ዛሬን ልለፍዎት፤ መብራት ያስገጥሙለት።"

የላቀው ታናሽ ወንድም አንዳርጌ ግን መብራት አልታየውም። "ሐይቁ ምን ሊሠራ ተቀምጧል?" አላት። "በታንኳ ወስጄ መሀሉ ላይ እጥልልሻለሁ። እሱም ይረፍ፣ አንቺም እረፊ።"

"እስቲ ትንሽ ቆይ።"

"ምን ልቆይ? ሰው እኮ ቤታችንን 'እነ ማታ' ማለት ጀምሯል።"

ትርንጎ ለማንም ያልነገረችው ነገር ነበራት። እዚያ ምሽት ውስጥ ላቀው ጉሮሮውን ይጠርጋል። ቃል አይናገርም፤ አይታይም፤ ጉሮሮውን ብቻ ይጠርጋል፤ በሕይወት ሳለ የሚያወራው ሰው ሲያጣ ያደርገው እንደነበረው። ላቀው ብቻውን መሆን የማይችል ሰው ነበር። ብቻውን እህል አይወርድለትም፤ ምሳ ቀርቦ ሰው ከሌለ በር ላይ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን "ኧረ ጎራ በል!" ይላል። ሆስፒታል ተኝቶ እንኳ የሌላ በሽተኛ ጠያቂዎችን ወደ አልጋው ይጠራ ነበር።

አሁን እዚያ ውስጥ ብቻውን ነው። ስለዚህ ትርንጎ ከሥራ ስትመለስ ወንበሯን ወደ ብስክሌቱ ምሽት አስገብታ ትቀመጥና የዋለችበትን ታወራለታለች። ጎረቤት ሲጠራት አትሄድም። ድካሟ እስከ አጥንቷ ዘልቋል፤ ግን ትታው ብትነሳ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ብስክሌቱን ሐይቅ መጣል ማለት ደግሞ እሱን ብቻውን ማስጠም ነው። እንዴት እንደሚሸኝ አላወቀችም፤ ቢያንስ መብራት ይኑረው አለች።

ብስክሌት ሠሪው ቢያድግልኝ ይባላል፤ ከሥራው ወሬው ይፈጥናል። ብስክሌቱን እየገፋች ስትመጣ ሱቁ ላይ መሸ።

"ብስክሌቱ ይምጣ፤ ምሽቱን ምን ይሁን ብለሽ አመጣሽው?"

"ተለያይተው አያውቁም።"

"እሺ፣ አብረን እንሠራለን።" የእጅ ባትሪውን በጥርሱ ነከሰና ሥራ ጀመረ፤ ባትሪው አፉ ውስጥ እያለም ማውራቱን አልተወም። ዲናሞ ማለት፣ አላት፣ የማይበላ የማይጠጣ አገልጋይ ነው። አናቱ የጎማውን ጎን ይነካል፤ ጎማው ሲዞር እሱም ይዞራል፤ ሲዞር ያበራል። ስትቆሚ ይጠፋል።

"ስቆም ይጠፋል?"

"ለቆመ ሰው መብራት ምን ያደርግለታል?"

ዲናሞውን የፊት ጎማውን በያዘው ብረት ላይ በቡሎን አሰረው። ጎማው ከማርጀቱ የተነሳ ጎኑ ልሙጥ ስለነበር የዲናሞው ራስ ተንሸራተተ፤ ጠበቅ አድርጎ አስጠጋው። ከዲናሞው አንድ ሽቦ ብቻ ወደ አምፖሉ ዘረጋ። ሁለተኛ ሽቦ አያስፈልግም፤ መመለሻው የብስክሌቱ ብረት ራሱ ነው። ጎማውን በእጁ አሽከረከረ። ዲናሞው እንደ ንብ አጉረመረመ፤ መብራቱ ግን አልበራም።

አምፖሉን ቀየረ፤ አልበራም። ሽቦውን ቀየረ፤ አልበራም።

"ፋብሪካው ነው" አለ።

"የትኛው?"

"ሁሉም።"

ይህን ሲሉ አንዳርጌ ከእትዬ ብርቄ ጋር መጣ። ታንኳ አናግሮ፣ ብስክሌቱን ሊወስድ ነው። እትዬ ብርቄ ሽኝት ያለ ታላቅ አይሆንም ብለው ተከትለውታል። ሁለቱም ወደ ምሽቱ ገቡ፤ እትዬ ብርቄ ብርድ ስለተሰማቸው ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉ።

ቢያድግልኝ የዲናሞውን ማሰሪያ ፈትቶ ሥሩን በጥፍሩ ፋቀ። "በሉ ተገኘ! ቀለሙ ነው የከለከለው። ብረት ከብረት ካልተነካካ መብራት በየት ይመለሳል? ማነው ደግሞ እንዲህ እንደ ጎተራ የለቀለቀው?"

"እኔ ነኝ" አለ አንዳርጌ። "ቀይ ነበር። ለቅሶ ሜዳ ላይ ቀይ ይወጣል?"

ነገሩ እንዲህ ነው። በእነ ላቀው አገር ሰው ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ በለቅሶው ሜዳ ይዞራል፤ አልቃሹም ፈረሱን እያየ ያለቅሳል። ላቀው ፈረስ አልነበረውም። ወንድሞቹ መክረው ብስክሌቱን ጥቁር ቀቡት፤ ኮርቻውን ወደ ኋላ አዞሩት፤ ኮቱን ጣል አደረጉበትና እየመሩ ሜዳውን አዞሩት። ሙሾ አውራጇም ግራ ሳትጋባ "አንተ ባለ ፈረስ" ብላ አወረደችለት።

እትዬ ብርቄ ብስክሌቱን አዩት።

"ቆይ እስቲ። ፈረሱን ማን ከሐዘን አወጣው?"

"የቱን ፈረስ?"

"ይሄን ነዋ!"

"እታለም፣ ይሄ እኮ ብስክሌት ነው።"

"ስታስለቅሱት ፈረስ ነበር፤ ዛሬ ብስክሌት ሆነ? አጠባችሁት? 'በቃህ' አላችሁት?"

አንዳርጌ ኮርቻውን ወደ ቦታው መመለሱን፣ ኮቱንም ለነዳያን መስጠቱን ተናገረ። መታጠቡን አላስታወሰም። አልታጠበም ነበር።

"ጉድ!" አሉ እትዬ ብርቄ። "ሚስቱን አውጥቼ ፈረሱን ረሳሁት። ምስኪን፣ ማንም ሳይነግረው ከዓመት በላይ አለቀሰ። ውኃ አምጡ!"

ውኃ የነበረው ቢያድግልኝ የተበሳ የጎማ ካላማዳሪ በሚፈትሽበት ሳህን ውስጥ ብቻ ነው። እትዬ ብርቄ በእሱ መሪውን እንደ ራስ አጠቡት። ቀጥለው ቅቤ ጠየቁ።

"ቅቤ አይስማማውም፣ ግሪስ ነው" አለ ቢያድግልኝ።

"ያንተኑ አምጣ።"

ግሪሱን ቀቡት። ቢያድግልኝ በበኩሉ በብርጭቆ ወረቀት ጥቁሩን ፋቀ፤ ከሥሩ ቀዩ ወጣ፤ ከቀዩም ሥር ነጩ ብረት። እትዬ ብርቄ ኮርቻውን መታ መታ አደረጉና "በቃህ፤ ጌታህን አድርሰህ ተመለስ" አሉት። ማሰሪያው በነጩ ብረት ላይ ጠበቀ። ጎማው ተሽከረከረ። በራ።

"ምሽቱ ግን አልሄደም" አለ አንዳርጌ።

"በእግሩ ይሂድ ነው የምትል? ይንዱት እንጂ!" አሉ እትዬ ብርቄ።

ትርንጎ ነዳችው። ፔዳሉ ቀድሞ ከነበረው ትንሽ ከብዷል፤ ዲናሞው የሚበላው እሱን ነው። ከፊቷ ቢጫ ብርሃን አስፋልቱ ላይ እየተንቀጠቀጠ ሄደ። ዘንባባው በግራና በቀኝ በፀሐይ ያብለጨልጫል።

"ላቀው፣ በራልህ" አለችው።

ጉሮሮውን ጠረገ።

መንገዱ ሐይቁ ዳር አለቀ። ትርንጎ ፍሬን ያዘች። ጎማው ሲቆም መብራቱ ጠፋ። ምሽቱ ግን ፍሬን አልነበረውም። በራሷ ላይ እንደሚያልፍ ነጠላ ዳበስ አድርጓት ወደ ፊት ሄደ፤ የዳሩን ደንገል አቋርጦ፣ በነበረበት ፍጥነት ውኃው ላይ ወጣ።

ትርንጎ ብስክሌቷን ይዛ ፀሐይ ላይ ቆመች። ዓይኗን ጨፈነች፣ ገለጠች። ጀርባዋ ሞቀ። ትከሻዋ ወደ ታች ሲወርድ ተሰማት፤ ተነስቶ እንደቆየም ያወቀችው አሁን ነው። ራባት። የተጠበሰ ዓሣ ሽታ ከየት እንደሚመጣ ዞር ዞር ብላ ፈለገች፤ ዓመት ሙሉ እንዲህ ምግብ አሰኝቷት አያውቅም። ግን እግሯ አልንቀሳቀስ አለ። ምሽቱ መሀል ሐይቅ ላይ ደርሶ፣ አንድ ድንኳን አክሎ፣ ለብቻው ቆሟል። ጆሮዋን አቀናች።

ከወዲያኛው ዳር እንጨት የጫነች ታንኳ መጣች። ቀዛፊው አቅጣጫውን አልቀየረም። ብቻውን ሆኖ ወደ ምሽቱ ገባ። ጥቂት ቆይቶ የሁለት ሰዎች ሳቅ በውኃው ላይ ተሰማ። ታንኳዋ በዚህኛው በኩል ወደ ፀሐይ ስትወጣ ቀዛፊው በፊት ሆኖ እያወራ ይቀዝፋል፤ ከጀርባው፣ እንጨቱ ላይ፣ ሌላ ሰው ተቀምጧል። መቅዘፊያ አልያዘም። እግሮቹ ብቻ፣ ከውኃው በላይ፣ ፔዳል እንደሚረግጡ ረጋ ብለው ይዞራሉ።